የጠርሙስ ማዳበሪያው ለቲማቲም ይሰራል ወይ? ሁለቴ ገዝቼ ያየሁት

ሰላም ድሬዎች፣ ጓሮ ያላችሁም ጓሮ የሚያምራችሁም። ባለፈው የቲማቲሜን ፎቶ ከለጠፍኩ በኋላ "ምን አርገሽው ነው?" "ያ የጠርሙስ ማዳበሪያ ነው አይደል፣ ይሰራል?" የሚል ጥያቄ በዝቶብኝ ለየብቻ መመለስ ስላቃተኝ ነው ይሄን የምጽፈው፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። ለቸኮለ ሰው፦ ሁለቴ ገዝቻለሁ፣ የመጀመሪያው 650 ብር ደቻቱ ወንዝ ውስጥ የጣልኩት ያህል ነው፣ ሁለተኛው ግን ሰርቶልኛል። የሚገርመው ሁለቱም ጠርሙስ አንድ ነው፣ ያው ፋብሪካ፣ ያው ምልክት፣ ያው አረንጓዴ ክዳን። ለዛ ነው የብራንዱን ስም የማልጽፈው፣ ጥፋቱም ልማቱም እሱ ጋ አልነበረም። የሱቆቹንም ስም አልጠራም፣ አንደኛው እንጀራው ነው፣ ሁለተኛውን ደግሞ ካሞገስኩ "ስንት ተከፍሏት ነው" የሚል አይጠፋም።

ነገሩን ለማታውቁ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቡናማ ፈሳሽ ነው፣ ውስጡ ባክቴሪያ አለ። ባክቴሪያ ሲባል አትደንግጡ፣ በሽታ የሚያመጣው ዓይነት አይደለም፣ ጤነኛ አፈር ውስጥ ድሮም የሚኖር ነው፣ አንዲት የሻይ ማንኪያ ጥሩ አፈር በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ባክቴሪያ ትይዛለች። ፋብሪካዎቹ ከነዛ መሀል ተክል የሚጠቅሙትን ለይተው ያራቡና በፈሳሽ ወይ በዱቄት አርገው ይሸጣሉ። የኔ ጠርሙስ ላይ ሶስት ስም አለ፣ አዞቶባክተር፣ ባሲለስ ሜጋቴሪየም፣ ሱዶሞናስ ፍሎረሰንስ። አዞቶባክተር አየር ላይ ያለውን ናይትሮጅን ይዞ ተክል ወደሚበላው ነገር ይቀይራል (አየሩ እኮ 78 ከመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ቲማቲም ግን መሀሉ ቆሞ ይራባል)። ሜጋቴሪየም አፈር ውስጥ የታሰረ ፎስፈረስ ይፈታል። ሱዶሞናስ ደግሞ ሥር ላይ ሰፍሮ ለክፉዎቹ ፈንገሶች ቦታ ያሳጣቸዋል፣ ብረትም ይሻማቸዋል። ከዛ ሌላ እነዚህ ነገሮች ሥር የሚያበዛ ሆርሞን ያመነጫሉ፣ እኔ በዓይኔ ያየሁት ለውጥ ከምንም በላይ እሱ ነው መሰለኝ፣ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

እናቴ "ታዲያ ዩሪያ ነው በሉታ" ስትለኝ ያስረዳኋት በእርሾ ነው። እርሾ ለብቻው እንጀራ አይሆንም፣ ዱቄት ይፈልጋል፣ ዱቄት ላይ ሲጨመር ግን ያለሱ የማይሆነውን ያረጋል። እና እርሾ ይሞታል። የፈላ ውሃ አፍስሽበትና ሊጥሽ ይነሳ እንደሆነ እይ። እናቴ ወዲያው ገባት፣ ለኔ ግን ይቺ የራሴ ምሳሌ የገባችኝ 650 ብር ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ለኛ አገር አፈር ለምን እንደሚያስፈልግ ማወቅ የፈለገ ማንቆርቆሪያውን ከፍቶ ይይ። ያ ታጥቦ ታጥቦ የማይለቀው ነጭ ቅርፊት ኖራ ነው፣ የድሬ ውሃ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ ስለሚመጣ ካልሲየም ሞልቶታል፣ በሱ ስናጠጣው የኖረው አፈራችንም ያው ነው። እንዲህ ያለ አፈር ላይ ኤንፒኤስ የሚባለውን የፋብሪካ ማዳበሪያ ስትበትኑ ፎስፈረሱን ካልሲየሙ ቀብ አርጎ ይይዘውና ወደ ድንጋይነት ይመልሰዋል፣ ማዳበሪያው አፈሩ ውስጥ አለ ግን ተክሉ ጋ አይደርስም። እነዚህ ባክቴሪያዎች ሥሩ አጠገብ ትንሽ ትንሽ አሲድ ያመነጩና ያን የታሰረ ፎስፈረስ ይለቁታል። ብረትም እንደዛው ነው፣ ኖራ በበዛበት አፈር ብረት ይደበቃል፣ አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ካያችሁ እሱ ነው፣ የኔ ቲማቲም በየዓመቱ እንደዛ ይሆን ነበር። በነገራችን ላይ ጓሮው ላይ አመድ የምትደፉ፣ ባካችሁ ተዉ፣ ሌላ አገር አፈሩ አሲዳም ስለሆነ ይጠቅማቸዋል፣ እኛ ጋ ኖራ ላይ ኖራ መጨመር ነው።

እሺ ወደ መጀመሪያው ሱቅ። ቀፊራ ገበያ አካባቢ ያለ የእርሻ መድኃኒትና ዘር የሚሸጥ ሱቅ ነው፣ ጊዜው መጋቢት መጨረሻ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ወደ በርጫው የሚሄድበት። ለቲማቲም የሚሆን የባክቴሪያ ማዳበሪያ አለህ ወይ ስለው ልጁ መጀመሪያ ያወጣልኝ ትንሽዬ ጥቁር ዱቄት ያለባት ፌስታል ነች፣ ሳነበው "ለቦሎቄ" ይላል።

"ወንድሜ ይሄ ለቦሎቄ ነው እኮ የሚለው።"

"አቦ፣ ጀርም ጀርም ነው፣ ሁሉንም ያበቅላል! ለቲማቲም፣ ለበርበሬ፣ ለጫት ሳይቀር።"

እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። ያቺ ፌስታል ራይዞቢየም ነች፣ ባቄላ፣ ቦሎቄ፣ አኩሪ አተር፣ ሽምብራ ሥር ላይ ትንንሽ ክብ እብጠት ሰርታ እዛ ውስጥ ናይትሮጅን የምታመርት። ለነሱ በጣም ጥሩ ነገር ነች፣ ርካሽም ነች፣ ግን የምትዋዋለው ከጥራጥሬ ጋር ብቻ ነው፣ ለዛውም የአኩሪ አተሩ ለባቄላ አይሆንም፣ እያንዳንዱ የራሱን ነው የሚፈልገው። ቲማቲም ሥር ላይ ያን እብጠት ዕድሜ ልካችሁን ብትጠብቁ አታገኙም። እኔ ይሄን ያወቅኩት ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የአክስቴ ልጅ ቀድማ ስለነገረችኝ ነው (አጎቴ እስካሁን "ዓለማያ" ነው የሚለው፣ ለሱ ኮሌጅ ነው፣ አይቀየርም)። ባይሆን በደስታ ገዝቼ እሄድ ነበር።

ፌስታሏን ስመልስለት ጠርሙሱን አወጣ። ከየት አወጣው? ከበሩ ደጃፍ፣ ቆርቆሮው ስር፣ ከሰዓት ፀሐይ ቀጥ ብሎ ከሚመታው መደርደሪያ ላይ። ስይዘው ይሞቃል፣ ሻይ የያዘ ብርጭቆ በሉት። ልብ በሉ ደግሞ፣ ልጁ እግሩ ስር አንድ እስር ጫት አለው፣ በኮባ ተጠቅልሎ፣ እርጥብ ጨርቅ ለብሶ፣ እያወራን ሁለቴ ውሃ ረጭቶበታል። ያኔ ምንም አልመሰለኝም፣ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ነው የሳቅኩት። ጫት ሲጠወልግ ዋጋው እንደሚወርድ ድሬ ላይ የሰባት ዓመት ልጅ ያውቃል፣ ያ ሕይወት ያለበት ጠርሙስ ግን እንደ ጋዝ ጀሪካን ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ሲጨመርበት ደግሞ የዋጋው ወረቀት የተለጠፈው የት ላይ መሰላችሁ፣ የማብቂያ ቀኑ ላይ። ቤት ሄጄ በውሃ ሳላቅቀው ጊዜው ካለፈ አራት ወር ሆኖታል። ተመልሼ ሄጄ ስነግረው "እሱ ለመንግሥት የሚጻፍ ነው፣ አይበላሽም" አለኝ፣ ብሬንም አልመለሰልኝም።

አፈሰስኩት ታዲያ። ከምጥለው ብዬ። ሚያዝያ ላይ ችግኝ አዛምቼ (ከመደብ አንስቼ ተክዬ)፣ እንደ መመሪያው አርጌ፣ በአስራ አምስት ቀኑ ደገምኩት፣ ምንም። ያፈሰስኩበትና ያላፈሰስኩበት እግር አንድ ናቸው፣ ግንቦት ሲገባ ደግሞ ሁሉም አበባውን አረገፈው። እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር፣ የአበባው ነገር የጠርሙሱ ጥፋት አይደለም፣ የኔ ነው። ቲማቲም ቀን ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሆንበት፣ ሌሊቱም አልቀዘቅዝ ሲለው የአበባው ዱቄት አይሰራም፣ ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል፣ ድሬ ላይ ግንቦትና ሰኔ እንዴት እንደሆነ ለናንተ አልነግርም። ድሬ ላይ ቲማቲም የሚፈልግ በመስከረም ዘርቶ በጥቅምት ያዛምት፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ይልቀም። እኔ በንዴት ሶስት ወር ሙሉ "ጠርሙሱ ነው አበባዬን ያረገፈው" እያልኩ ለጎረቤቱ ሁሉ ሳወራ ነበር፣ እዚህ ላይ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። አለመስራቱ ግን አለመስራት ነው።

ሁለተኛው ሐረር ነው። ነሐሴ መጨረሻ ለዘመድ ለቅሶ ሄጄ በዛው ከጀጎል ውጪ አንድ የዘር ሱቅ ገባሁ፣ ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው። እንደገባሁ ያንኑ አረንጓዴ ክዳን አየሁት፣ ግን መደርደሪያ ላይ ሳይሆን በመስታወቱ ፍሪጅ ውስጥ ከለስላሳ ጋር ተደርድሮ። ሐረር እኮ ድሮም ቀዝቃዛ ነች፣ ከኛ ሰባት መቶ ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ እሳቸው ግን እሱም አልበቃቸውም። ስንት ነው ስላቸው ዋጋውን ሳይነግሩኝ፣

"ልጄ፣ ከየት ነሽ?" አሉኝ።

"ከድሬ።"

"በምን ልትወስጂው ነው?"

"በሚኒባስ ነዋ ጋሼ።"

"ከፊት እንዳትቀመጪ፣ ሾፌሩ ዳሽቦርድ ላይ እንዳያስቀምጥብሽ። ወይ ከመሄድሽ በፊት መጥተሽ ውሰጂው።"

ደስ አይልም? ዕቃ ሊሸጡልኝ ሳይሆን ልጅ ሊድሩልኝ ነው የሚመስለው። በማግስቱ ስመለስ ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉት፣ ከላይ ኮባ፣ በገመድ አሰሩት፣ ልክ እንደ አወዳይ ጫት። አወዳይ ላይ ስናልፍ ረዳቱ ራሱ ጫት መስሎት "ስንት ገዛሽው?" ብሎኛል። የደንገጎን ቁልቁለት ወርደን ሙቀቱ ፊታችንን ሲመታን ጠርሙሱን ነካሁት፣ አሁንም ቀዝቃዛ ነው። ዋጋው 700 ብር፣ ከድሬው በ50 ብር ይበልጣል። ደግሞ እሳቸው አንድ ነገር ነግረውኛል፣ የአክስቴ ልጅም ልክ ነው ብላለች፦ ከነዚህ ውስጥ ባሲለስ የሚባለው ዘመድ ሲቸግረው ጠንካራ ቅርፊት ሰርቶ እንደ ዘር ይተኛል፣ ሙቀትም ድርቀትም ይችላል። ሱዶሞናስ ያን አይችልም፣ ቶሎ ይሞታል። እና ፍሪጅ የሌላችሁ፣ መብራትም እንደምታውቁት ስለሆነ፣ ምርጫ ካገኛችሁ ባሲለስ ብቻ ያለበትን፣ በተለይ ዱቄቱን ውሰዱ።

ቤት ስገባ ሙከራ አረኩ። ላብራቶሪ ያላችሁ አትሳቁ። የአክስቴ ልጅ በስልክ እያዘዘችኝ ጨው የሌለው የሥጋ መረቅ አፍልቼ፣ አጥልዬ፣ አቀዝቅዤ ሶስት የፈላ ብርጭቆ ላይ ቀዳሁ፣ አንዱ ላይ ከአሮጌው ጠርሙስ ጭላጭ ጠብ አረኩበት፣ አንዱ ላይ ከአዲሱ፣ ሶስተኛውን ምንም ሳልነካ ከደንኩት። በማግስቱ የአዲሱ ደፍርሶ፣ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ መሳይ ሰርቷል። የአሮጌው እስከ ሶስተኛው ቀን ካልነካሁት መረቅ ጋር አንድ ነበር። ይሄ የትኛው ባክቴሪያ እንደበቀለ አይናገርም፣ ከአየር የገባ ሌላም ሊሆን ይችላል፣ ብቻ ጠርሙሱ ላይ "በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊዮን" ብሎ የጻፈ ዕቃ አንድ ብርጭቆ መረቅ ማደፍረስ ካቃተው የምን 100 ሚሊዮን ነው። (ብርጭቆዎቹን በበረኪና ነው ያጠብኩት፣ እናቴ አንዱን ጭራሽ ጣለችው።)

ተከላው ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው። 40 እግር ችግኝ፣ ሮማ የሚባለው ዝርያ፣ በአራት መስመር አስር አስር። አንደኛውና ሶስተኛው መስመር ባክቴሪያ ያገኛል፣ ሁለተኛውና አራተኛው አያገኝም፣ ሌላው ሁሉ እኩል፣ ያው ኮምፖስት፣ ኤንፒኤስ ደግሞ ድሮ ከማረገው ግማሹን ብቻ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፣ ክሎሪን የሚገባው ባክቴሪያ ሊገድል ነው፣ የምታፈሱት ደግሞ ባክቴሪያ ነው፣ ስለዚህ ውሃውን ከቀዳሁ በኋላ በርሜሉን ሳልከድን አሳድሬዋለሁ፣ ለሊቱን ይተናል። ለአንድ ሊትር አስር ሚሊ በጥብጬ የችግኞቹን ሥር ግማሽ ሰዓት ነከርኩና ፀሐይ ስትጠልቅ ተከልኩ። ምሽት ላይ መሆኑ ለችግኙም ለባክቴሪያውም ነው፣ ፀሐይ ራሷ ትገድላቸዋለች። በሁለት ሳምንቱና በወሩ ደግሞ ሥር ሥሩን አጠጣኋቸው፣ ላዩን በደረቅ ሳር ጎዘጎዝኩት አፈሩ እንዳይነድ። ኮፐር ያለበት የፈንገስ መድኃኒት የምትጠቀሙ ካላችሁ ሥር ላይ አታፍሱት፣ በአንድ መርጫም አትቀላቅሉት፣ ልጅ ወልዶ በዛው መርዝ ማጠጣት ነው።

አጎቴ መልካ ጀብዱ በኩል ማሳ አለው፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ላይ ነው ያረጀው። ሥሩን ስነክር መጥቶ ቆሞ አይቶኝ "አንቺ ልጅ፣ አፈር ላይ ጀርም በገንዘብ ይገዛል?" ብሎ ትቶኝ ሄደ።

አሁን ውጤቱ። መጀመሪያ ለሶስት ሳምንት ምንም አይታይም፣ ያኔ ተስፋ አትቁረጡ። ከዛ በኋላ ነው የተለየው። ያ ቢጫ የሚሆነው ቅጠል ባክቴሪያ ያገኙት ላይ በጣም ቀለል አለ፣ ጭራሽ ጠፋ አልላችሁም። አበባ በሳምንት ገደማ ቀደሙ። ኅዳር ላይ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ እግር ነቅዬ ሥሩን ባልዲ ውስጥ አጠብኩት፣ ልቤ እያዘነ ነው የነቀልኩት ግን ካላየሁ አላምንም። ያላገኘው ሥሩ ወፍራም ወፍራም ሆኖ ጥቂት ነው፣ ያገኘው ግን ፀጉር የመሰለ ቀጭን ሥር ዙሪያውን ወርሶታል፣ አፈሩ ሁሉ ተጣብቆበት አልላቀቅ ብሎኝ ነበር። ሥር ሲበዛ ውሃም ምግብም የሚሰበስብበት አፍ በዛ ማለት ነው፣ ጓሮዬ ደግሞ ውሃ በፈረቃ ነው የሚያገኘው፣ ውሃ በጠፋበት ሳምንት የማይጠወልጉት እነሱ ነበሩ።

ምርቱን ከጎረቤት ሱቅ ሚዛን ተውሼ እየመዘንኩ ጻፍኩት። ባክቴሪያ ያገኙት ሁለት መስመሮች በድምሩ 34 ኪሎ፣ ያላገኙት 28 ኪሎ። ይሄ ጥናት አይደለም፣ አንድ ጓሮ ነው፣ አርባ እግር እንኳን አልሞላም ሁለቱን ስለነቀልኩ። አጎቴ ደግሞ መጥቶ አይቶ "አንደኛው መስመርሽ እኮ ከሰዓት የፓፓያው ጥላ ያገኘዋል" አለኝ። እውነቱን ነው፣ አላስተዋልኩትም ነበር። ሶስተኛው መስመር ግን ጥላ የለውም፣ እሱም በልጧል፣ ልዩነቱ ትንሽ ጠበብ ቢልም። አጎቴ አሁንም አላመነም፣ "ፍጉ ነው" ይላል፣ ፍጉን እኩል ነው ያደረኩት ብለውም አይሰማም።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ እንነጋገር፣ ማንም ስለማያወራው። ስድስት ኪሎ ትርፍ ማለት እኔ በለቀምኩበት ሰሞን ቀፊራ ላይ በኪሎ 60 ብር ሂሳብ 360 ብር ነው። ከሊትሩ ጠርሙስ የተጠቀምኩት ሲሶውን ነው፣ ወደ 230 ብር መሆኑ ነው፣ የግማሽ ኤንፒኤሱን ቁጠባ ደግሞ ጨምሩበት። አተረፍኩ ማለት ነው? ለቅሶ ባይኖርና ለሱ ብቻ ብዬ ሐረር ደርሼ ብመለስ ኖሮ ትራንስፖርቱ ይበላው ነበር። ከተከፈተ በኋላም ብዙ አይቆይም፣ ስለዚህ አርባ እግር ላለው ሰው ሊትር መግዛት ሞኝነት ነው፣ ከጎረቤት ጋር ሶስት አራት ሆናችሁ አንድ ተካፈሉ። ሩብ ሄክታር ያለው ገበሬ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው፣ የማዳበሪያ ዋጋ እንደዚህ ሰማይ በወጣበት ጊዜ ግማሹን መቀነስ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ዩሪያን ጭራሽ ይተካል የሚሏችሁን ግን አትስሙ። አዞቶባክተር ለብቻው የሚይዘው ናይትሮጅን ትንሽ ነው፣ ቲማቲም ደግሞ በላተኛ ነው። ኮምፖስት ከሌለ ደግሞ ባክቴሪያው ራሱ የሚበላው የለውም፣ ያለ ዱቄት እርሾ። ጠርሙሱ ጀርባ ላይ "ተባይና በሽታን ሁሉ ይከላከላል" የምትል መስመር አለች፣ ለሷ ብዬ ነው ኮከብ የቀነስኩት። ቱታ መጣብኝ እኮ! ቱታ አብሶሉታ፣ ያቺ ከደቡብ አሜሪካ ተነስታ 2012 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እኛ አገር የታየችው፣ ቅጠሉን ውስጥ ለውስጥ እየቦረቦረች የምታደርቅ ትል። ለሷ ባክቴሪያው ያለበት መስመርና የሌለበት መስመር አንድ ነው፣ ሁለቱንም በእኩል ፍቅር በላችው፣ በእጄ ቅጠል እየለቀምኩ ነው ያቆምኳት። ሌላ ደግሞ የቲማቲሙ ቂጥ ጠቁሮ የሚበሰብሰው፣ እሱም አልተለወጠም። እሱ በሽታ አይደለም፣ ውሃ አንዴ ሲበዛ አንዴ ሲጠፋ ካልሲየሙ ፍሬው ጋ ስለማይደርስ ነው፣ አፈራችን ውስጥ ካልሲየም ሞልቶ ተርፎም ማለት ነው፣ የውሃ ፈረቃውን የሚያስተካክል ባክቴሪያ ደግሞ እስካሁን አልተገኘም።

ፋብሪካው ይሄን የሚያነብ ካለ፦ የክዳኑ ስፍር መስመር የለውም፣ አስር ሚሊ የለካሁት በልጆች ሲሮፕ ማንኪያ ነው። ጽሑፉ በሙሉ በውጭ ቋንቋ ነው፣ "ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ" የሚለው ራሱ በጣም ደቃቅ ፊደል ከታች ተቀብሯል፣ የቀፊራው ልጅ ቢያነበው ኖሮ ምናልባት ከጫቱ ጎን ያስቀምጠው ነበር። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ አርጋችሁ በትልቁ ጻፉት፣ ባትችሉ ፀሐይ ላይ ኤክስ ያለበት ሥዕል ለጥፉበት።

እንግዲህ ኮከብ ስጡ ስለሚባል፣ ለዕቃው ከአምስት ሶስት ተኩል፣ ለሐረሩ ሱቅ አምስት፣ ለቀፊራው ሱቅ አንድ፣ እሷም ልጁ ሲያወራ ስለሚያስቅ ነው። እንደገና እገዛለሁ ወይ? ከፍሪጅ ወጥቶ ከተሸጠልኝ አዎ፣ ለመጪው ጥቅምት ሁለት የሳቢያን ጎረቤቶቼ ጋር ተነጋግረናል፣ ሶስታችን አንድ ሊትር፣ በርበሬም እንጨምራለን። ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ ጠርሙሱን በእጃችሁ ያዙት፣ ከሞቀ ዋጋም አትጠይቁ፣ የዋጋውን ወረቀት አንሱና ቀኑን እዩ፣ ምን እንደሆነና ለምን ሰብል እንደሆነ አንብቡ። ድሬ ውስጥ ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሱቅ የምታውቁ ካላችሁ ታች ላይ ጻፉልኝ፣ ከዚራም ይሁን ሳቢያንም ለገሀሬም፣ በባጃጅ የሚደረስበት ከሆነ ሐረር ድረስ ለቅሶ አልጠብቅም።